ሴሽኑ አረንጓዴ ነው፤ ትራፊኩ ግን የት ሄደ?

ጥያቄ፦ «በአንድ አነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። በኢንተርኔት መለዋወጫው (ኔትወርኮች ትራፊካቸውን በቀጥታ በሚለዋወጡበት ቦታ) ላይ ሁለት ፖርት አለን። አንዱ በቀጥታ የተሰካ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ድርጅት በተከራየነው መስመር የሚደርስ ነው። በሁለቱም ከራውት ሰርቨር ጋር ፒር እናደርጋለን፣ ማለትም ኔትወርኮች መንገድ በሚነጋገሩበት በቢጂፒ ሴሽን ከፍተን መንገድ እንለዋወጣለን። ባለፈው ሳምንት አንዱን /22 የአድራሻ ብሎካችንን ከፍለን፣ በሁሉም በኩል አራት ትንንሽ /24 አድርገን አናውንስ ማድረግ (ለሌሎች ኔትወርኮች ማሳወቅ) ጀመርን። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ፖርት የሚገባው ትራፊክ በግማሽ ወረደ። ሞኒተሪንጉ ግን ኢስታብሊሽድ ነው ይላል። በሁለተኛው ፖርት ደግሞ ሴሽኑ ይነሳና በሦስት ደቂቃ ገደማ ይወድቃል። ከዚያ አክቲቭ ይላል፣ እንደገና ይነሳል። ሴሽኑን ደጋግሜ ክሊር አደረግሁት፣ ራውተሩንም ሪስታርት አደረግሁ። ቀጥሎ የኤምዲ5 ፓስወርዱን ላነሳው አስቤያለሁ። ራውት ሰርቨሩ ትራፊካችንን መሸከም አቅቶት ይሆን? ወደፊትስ ይህን እንዴት ነው መከታተል ያለብኝ?»

ምላሽ፦

ራውት ሰርቨር ትራፊክ አይሸከምም። ይህ ካልጠራ ቀሪው ፍለጋ ሁሉ ወደተሳሳተ በር ይወስድዎታል። ራውት ሰርቨሩ የሚሠራው የደላላ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ አባል «እኔ ጋ እነዚህ አድራሻዎች አሉ» የሚለውን መልእክት ይቀበላል፣ ያጣራል፣ ለሌሎቹ ያደርሳል። በ2016 የወጣው አርኤፍሲ 7947 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍበት ሰነድ ነው) እንደሚያስቀምጠው የራሱን የኤኤስ ቁጥር፣ ማለትም የኔትወርክ መለያ ቁጥር፣ በመንገዱ ላይ አይጨምርም። ኔክስት ሆፕ የሚባለውን፣ ፓኬቱ ቀጥሎ የሚሄድበትን ራውተር አድራሻም አይቀይርም። ስለዚህ ዕቃው ራሱ፣ ማለትም ፓኬቱ፣ በስዊቾቹ ላይ አልፎ ከእርስዎ ራውተር በቀጥታ ወደ ሌላው አባል ራውተር ይሄዳል። ደላላው መሀል ላይ የለም። የሚሸከመው ነገር ስለሌለ መሸከም ሊያቅተው አይችልም።

ቃላቱንም እናስተካክል። «ኢስታብሊሽድ» ማለት ሁለቱ ወገኖች በቲሲፒ ፖርት 179 ተገናኝተዋል፣ ተዋውቀዋል፣ «አለሁ» እየተባባሉ ነው ማለት ብቻ ነው። የላኩት መንገድ ተቀባይነት አገኘ ማለት አይደለም። ስልኩ ተነሳ እንጂ ጉዳዩ ገና አልተነገረም። «አክቲቭ» ደግሞ ስሙ ያታልላል። ብዙ ሰው «እየሠራ ነው» ብሎ ይረዳዋል። በቢጂፒ ቋንቋ ግን ግንኙነቱ አልተሳካም፣ ገና እየሞከረ ነው ማለት ነው። ደረጃዎቹ አይድል፣ ኮኔክት፣ አክቲቭ፣ ኦፕን ሴንት፣ ኦፕን ኮንፈርም እና ኢስታብሊሽድ ናቸው። ከመጨረሻው በቀር በየትኛውም ላይ ቢቆም መንገድ አይለዋወጥም።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ። ያሉብዎት ሁለት ችግሮች ናቸው። አንድ ላይ ስለመጡ አንድ በሽታ መስለዎት ነው።

የመጀመሪያው ፖርት ጉዳይ ፍንጩ በራስዎ ጥያቄ ውስጥ አለ፦ /22ን አራት /24 አድርገን አናውንስ ማድረግ ጀመርን ብለዋል። ለዚያ /22 ሮአ አለዎት ብዬ እገምታለሁ። ሮአ ማለት «ይህን የአድራሻ ብሎክ የማሳወቅ መብት ያለው ይህ ኤኤስ ቁጥር ነው» የሚል በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ ሰነድ ነው። አርፒኬአይ የሚባለው ሥርዓት የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ሰነዱ ውስጥ ትልቁ የፕሪፊክስ ርዝመት የሚል ቦታ አለ (ፕሪፊክስ የአድራሻ ብሎኩ ነው፤ ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ርዝመቱ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብሎኩ ያንሳል)። እዚያ 22 ተብሎ ከተጻፈ ወይም ባዶ ከተተወ፣ የሚፈቀደው /22ቱ ራሱ ብቻ ነው። በውስጡ ያለ /24 ሲመጣ የኤኤስ ቁጥሩ የእርስዎ ቢሆንም ውጤቱ «ኢንቫሊድ» ነው። በአግባቡ የሚሠራ ራውት ሰርቨር ደግሞ ኢንቫሊድ የሆነን መንገድ ይጥላል። ሴሽኑን ግን አይነካም። ስለዚህ የእርስዎ ሞኒተሪንግ አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል፣ አራቱ /24ዎች ግን በራውት ሰርቨሩ በኩል ለማንም አልደረሱም።

ደንበኞችዎ ያልጮሁት ትራንዚት የሚሰጥዎ፣ ማለትም በክፍያ ከቀሪው ኢንተርኔት የሚያገናኝዎ ድርጅት ይህን ማጣራት ስለማያደርግ ይመስለኛል። ትራፊኩ አልጠፋም። በሌላ መንገድ ዞሮ እየገባ ነው፣ ክፍያው ግን በትራንዚቱ ሂሳብ ላይ ይመጣል። የትራንዚት ግራፍዎን ከመለዋወጫው ግራፍ ጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። አንዱ በወረደበት ሰዓት ሌላው ወጥቶ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ለማረጋገጥ ራውተርዎ ላይ መቆፈር አያስፈልግም። ራውተርዎ የሚያውቀው የላከውን እንጂ ተቀባዩ ምን እንዳደረገበት አይደለም። የመለዋወጫውን ሉኪንግ ግላስ፣ ማለትም ራውት ሰርቨሩ የያዘውን መንገድ የሚያሳየውን ድረ ገጽ፣ ይክፈቱ። አሊስ በሚባለው ሶፍትዌር ወይም በአይኤክስፒ ማኔጀር የሚሠሩት ብዙዎቹ የእያንዳንዱን አባል ተቀባይነት ያገኙና የተጣሉ መንገዶች ለይተው ያሳያሉ። የራስዎን ስም ይፈልጉ። ከተጣሉት ዝርዝር ውስጥ አራቱን /24ዎች ካገኟቸው ምክንያቱም አብሮ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ራውት ሰርቨሮች ለተጣለ መንገድ የመጣያ ምክንያቱን በላርጅ ኮሚዩኒቲ (በመንገዱ ላይ በሚለጠፍ የቁጥር መለያ) ምልክት የማድረግ ልማድ አላቸው። የተጣሉት የሚታዩት ግን ኦፕሬተሩ እንዲቀመጡ ካዘዘ ብቻ ነው። በርድ የተባለው የራውት ሰርቨር ሶፍትዌር ካልታዘዘ በቀር የጣለውን አያስታውስም። ምንም ካላዩ «አልተጣለም» ብለው አይደምድሙ፣ ኦፕሬተሩን ይጠይቁ።

መፍትሔው ለአራቱ /24ዎች ለየብቻ ሮአ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ብዙ ሰው አቋራጭ ይመርጥና በነባሩ ሮአ ላይ ርዝመቱን 24 አድርጎ ይገላገላል። ይህን አያድርጉ። በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9319 የሚመክረውም እንዲሁ ነው። ርዝመቱን በለቀቁ ቁጥር እርስዎ የማያሳውቋቸው ንዑስ ብሎኮች በሙሉ «የተፈቀዱ» ይሆናሉ። ያኔ አንድ ክፉ ሰው የእርስዎን የኤኤስ ቁጥር በመንገዱ መጨረሻ ላይ አስመስሎ ለጥፎ /24 ቢያሳውቅ አርፒኬአይ ያልፈዋል። ይበልጥ ዝርዝር የሆነው ትንሹ ብሎክ ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፋል። በእርግጥ የሚያሳውቁትን ብቻ ይፍቀዱ። /22ቱንም ማሳወቅ ከቀጠሉ የእሱ ሮአ እንዳለ ይቆይ።

ሮአውን መሰረዝም መፍትሔ አይደለም። እውነት ነው፣ ሮአ ጨርሶ ከሌለ ውጤቱ «አልተገኘም» ይሆንና አብዛኛው ራውት ሰርቨር ያሳልፈዋል። ግን ቁልፉ አስቸገረኝ ብሎ በሩን ነቅሎ እንደመጣል ነው።

ከአርፒኬአይ ሌላ አንድ ማጣሪያ አለ፤ ኔትወርኮች የሚያሳውቁትን መንገድ የሚያስመዘግቡበት የአይአርአር መዝገብ። ለእያንዳንዱ /24 የራውት ኦብጀክት (የመዝገቡ ግቤት) መመዝገቡን፣ የኤኤስ ሴትዎ (የእርስዎና የደንበኞችዎ ኤኤስ ቁጥሮች ዝርዝር) ስምም ኔትወርኮች መረጃቸውን በሚያስቀምጡበት በፒሪንግ ዲቢ ላይ በትክክል መሞላቱን ይዩ። ራውት ሰርቨሮች ማጣሪያቸውን የሚያድሱት በየተወሰነ ሰዓት ነው፣ አንዳንዱም በቀን አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ አስተካክለው ወዲያው ባይታይ አይደናገጡ፣ ሴሽኑንም አይነካኩ።

እስኪስተካከል ድረስ ትራፊኩ እንዲመለስ ከፈለጉ ወደ /22 ይመለሱ። ሲመለሱ ግን በሁሉም በኩል ይመለሱ። ለራውት ሰርቨሩ /22 ልከው ለትራንዚቱ /24ዎቹን ከተዉ ምንም አይለወጥም። ሌሎቹ አባላት ሁለቱንም ሲያዩ ራውተራቸው ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን /24 ይመርጣል፣ እሱ ደግሞ በትራንዚት በኩል ነው። ይህን የሚስት ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ፖርት ሌላ ታሪክ ነው። «በሦስት ደቂቃ ገደማ» ያሉት ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ረድቶኛል። ሦስት ደቂቃ 180 ሴኮንድ ነው። ብዙ የሲስኮ ራውተሮች ሆልድ ታይመራቸው፣ ማለትም ከሌላው ወገን ሳይሰሙ የሚታገሡበት ጊዜ፣ ካልተቀየረ 180 ነው። ጁኒፐር 90 ይላል፣ በርድ 240። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ከሁለቱ ትንሹን ይይዛሉ። ስለዚህ የእርስዎ ሴሽን የሚወድቀው በዘፈቀደ አይደለም። አንዱ ወገን 180 ሴኮንድ ሙሉ ከሌላው ምንም ሳይሰማ ቀርቶ ተስፋ ቆርጦ ነው።

ግን ሴሽኑ ተነስቷል እኮ! ታዲያ ለምን አይሰማም? በጣም የተለመደው ምክንያት ኤምቲዩ፣ ማለትም መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን ነው። ሴሽኑ ሲከፈት የሚለዋወጧቸው መልእክቶች ትንንሾች ናቸው። ኪፕአላይቭ የሚባለው «አለሁ» መልእክት 19 ባይት ብቻ ነው። እንደተነሳ ግን ራውት ሰርቨሩ የያዘውን መንገድ ሁሉ ይልክልዎታል፣ በሙሉ መጠን በ1500 ባይት ፓኬቶች። የተከራዩት መስመር መሀል ላይ የሆነ ቦታ 1500 ካላሳለፈ እነዚህ ፓኬቶች በዝምታ ይጠፋሉ። ቲሲፒ ደግሞ ቅደም ተከተል ይጠብቃል። የጠፋውን ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፣ ከኋላው የተሰለፈው ትንሹ ኪፕአላይቭ ቢደርስ እንኳ ለቢጂፒ አይሰጥም። በጠባብ በር ላይ ሶፋ ሲቀረቀር ከኋላው ያለ ሕፃንም አያልፍም። ሰዓቱ ያልፍና የእርስዎ ራውተር «ሆልድ ታይመር አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ወዲያው እንደገና ይሞክራል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል።

ሎጉ ላይ አንዲት ቃል ይፈልጉ። ሆልድ ታይመር አልቋል የሚለው ኖቲፊኬሽን (ሴሽን ሲዘጋ የሚላከው የምክንያት መልእክት) የተላከ ነው ወይስ የተቀበሉት? የእርስዎ ራውተር ልኮት ከሆነ፣ የራውት ሰርቨሩን ድምፅ ያጣው እርስዎ ነዎት። በእኛ ግምት መሆን ያለበትም ይኸው ነው፤ ትልቁ ሸክም የሚመጣው ከእሱ ወደ እርስዎ ነውና። ተቀብለውት ከሆነ ግን እሱ ነው የእርስዎን ድምፅ ያጣው፣ ፍለጋውም ወደዚያ አቅጣጫ ይዞራል።

ማረጋገጫው ቀላል ፒንግ ነው። ከሁለተኛው ፖርት ወደ ራውት ሰርቨሩ አድራሻ፣ «አትቆራርጥ» የሚለውን ምልክት አብርተው ይላኩ። ከሊኑክስ ከሆነ መጠኑን 1472 ያድርጉ። 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ይሆናል። ለአይፒቪ6 1452 ነው። የብዙ ራውተሮች ትእዛዝ ግን ጠቅላላውን መጠን ስለሚጠይቅ እዚያ 1500 ብለው ይጻፉ። ትልቁ ጠፍቶ 1400ው ካለፈ ጉዳዩ ተዘጋ። «በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልስ ከመስመሩ አይጠብቁ። መሀል ያሉት መሣሪያዎች ስዊቾች ስለሆኑ ይጥላሉ እንጂ አይናገሩም።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቪላን ታግ ነው፤ ይህ ትራፊክን ለመለየት በፍሬሙ፣ ማለትም በፓኬቱ ጥቅል ላይ የሚጨመር ምልክት ነው። ታግ የሌለው ሙሉ ፍሬም 1518 ባይት ነው። አንድ ታግ ሲጨመር 1522፣ ሁለት ሲሆን 1526። መስመሩን ያከራየው ድርጅት የእርስዎን ትራፊክ በራሱ ታግ ሲጠቀልል መሣሪያው ለተጨማሪው ቦታ ካልተዘጋጀ ሙሉዎቹ ይወድቃሉ። ማስተካከል ያለበት እሱ ነው። የፒንጉን ውጤት በሁለቱም መጠን ልከው «ሙሉ 1500 ባይት አሳልፉ» ብለው ይጠይቁት።

እዚህ ላይ ከልቤ የማስጠነቅቅዎት ነገር አለ። በራስዎ ራውተር የኢንተርፌስ ኤምቲዩውን 1400 አድርገው ቢቀንሱ ሴሽኑ ወዲያው ይረጋጋል። የቲሲፒ ፓኬቶቹ በስምምነት ያንሳሉ፣ መንገዶቹ ሁሉ ይገባሉ፣ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ነው ትክክለኛው መከራ የሚጀምረው። ሌሎች አባላት እርስዎ ኤምቲዩ እንደቀነሱ አያውቁም። ለደንበኞችዎ 1500 ባይት ፓኬት መላካቸውን ይቀጥላሉ፣ መስመሩም መጣሉን ይቀጥላል። ከዚህ በፊት እነዚያ ፓኬቶች በሌላ መንገድ ይመጡ ነበር፤ አሁን ግን እርስዎ ራስዎ ወደ ጉድጓዱ ጋበዟቸው። ደንበኛው «አንዳንዱ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ግማሽ ላይ ይቆማል» ይላል። እንዲህ ያለውን ቅሬታ ተከትዬ ለቀናት ስደክም ቆይቼ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ሴሽኑን «ለማረጋጋት» የተቀነሰ ኤምቲዩ ነበር። የሚወድቅ ሴሽን ቢያንስ እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ መስመሩ እስኪስተካከል ድረስ ሁለተኛውን ሴሽን በሥርዓት ዝጉት፤ በየሦስት ደቂቃው መንገድ እያወጣና እያስገባ ሌሎችን አያስቸግር።

ፒንጉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ወደ ሌሎቹ እጩዎች ይሂዱ፤ በኦፕቲክሱ ላይ የሚቆጠሩ የሲአርሲ ስሕተቶች (ተበላሽተው የደረሱ ፍሬሞች)፣ የራውተሩን አንጎል ለመጠበቅ የተቀመጠ ገደብ ቢጂፒውንም አብሮ እየጣለ መሆኑ፣ ወይም የተጨናነቀ ሲፒዩ። ሦስቱም ሆልድ ታይመር ያስጨርሳሉ፣ ግን እንዲህ በሰዓት ተመዝነው አይወድቁም።

ስለ ፓስወርዱ፦ አይንኩት። ኢስታብሊሽድ የደረሰ ሴሽን የፓስወርድ ችግር የለበትም። ኤምዲ5 የሚፈተሸው በቲሲፒ ደረጃ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ነው። ካልገጠመ ፓኬቱ ቢጂፒ ዘንድ ሳይደርስ ይጣላል፣ ሴሽኑም ከኮኔክት እና ከአክቲቭ አያልፍም። እርስዎ ብቻ ቢያነሱት ሌላኛው ወገን ስለሚጠብቀው በገዛ እጅዎ ሦስተኛ ችግር ይጨምራሉ።

ክሊር ማድረጉንም ያቁሙ። ሰው ሲጨንቀው ክሊር ያደርጋል፣ ይገባኛል። ግን ብዙ ራውተሮች የሚይዙት የመጨረሻውን የመውደቂያ ምክንያት ብቻ ነው። ክሊር ሲያደርጉ እሱ ይሰረዝና በቦታው «አስተዳዳሪው ዘጋው» የሚል ይጻፋል። ሪስታርት ሲያደርጉ ደግሞ ያልተላከ ሎግ ሁሉ ይጠፋል። ማስረጃውን አጥበው ወንጀለኛውን መፈለግ ይሆናል። ፖሊሲ ቀይረው መንገዶቹ እንደገና እንዲላኩ ብቻ ከፈለጉ ሴሽኑን የማይጥለውን ሶፍት ክሊር ይጠቀሙ። ከ2000 ጀምሮ ራውት ሪፍሬሽ የሚባል ነገር ያለው ለዚሁ ነው።

የኖቲፊኬሽን ቁጥሮችን ማንበብ ቢለምዱ ግማሹ ሥራ ያልቃል። 4 ሆልድ ታይመር ነው። 2 መተዋወቁ ላይ ያለ ጠብ ነው፤ 2 ንዑስ 2 ከሆነ የኤኤስ ቁጥር ተሳስቷል። 6 ሆን ተብሎ መዘጋት ነው፤ 6 ንዑስ 1 ከተፈቀደልዎ የፕሪፊክስ ብዛት አልፈዋል፣ 6 ንዑስ 2 በዚያ ወገን ያለ ሰው ዘግቶታል። 3 ንዑስ 11 የመንገዱ ኤኤስ ዝርዝር አልጣመኝም ማለት ነው። ይህኛው በራውት ሰርቨር ላይ የተለመደ ነው። ብዙ ራውተር በዝርዝሩ መጀመሪያ የጎረቤቱን ኤኤስ ቁጥር ይጠብቃል፣ ራውት ሰርቨር ግን ቀደም ብዬ እንዳልሁት ራሱን አይጨምርም። ያንን ፍተሻ ለራውት ሰርቨሮቹ ብቻ ማጥፋት ነው። ሌላው ግራ የሚያጋባ፣ ሴሽኑ ተነስቶ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ መንገድ ሲሆን ነው። አርኤፍሲ 8212 ከ2017 ጀምሮ ፖሊሲ ያልተሰጠው ውጫዊ ሴሽን ምንም እንዳይቀበል፣ ምንም እንዳይልክ ይላል። አይኦኤስ ኤክስአር እና አዳዲሶቹ ኤፍአርአር የተባሉት የራውተር ሶፍትዌሮች እንዲሁ ናቸው። ፖሊሲ ይጻፉለት።

ወደ ክትትሉ ልምጣ። የእርስዎ ሞኒተሪንግ የሚጠይቀው «ተነስቷል ወይ?» ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት «ስንት መንገድ ተላከ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ስንት ገባ?» ነው። ይህች አንዲት ለውጥ ባለፈው ሳምንት ብትኖር ኖሮ ጉዳዩ በደቂቃዎች ይታወቅ ነበር። የሚልኩት ፕሪፊክስ ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩን በልብዎ ያውቁታል። 9 ከሆነ 9 ነው። በራውት ሰርቨሩ በኩል ተቀባይነት ያገኘው 8 ሲሆን ማንቂያ ይደውል፤ መቶኛ ማስላት አያስፈልግም። ይህን ቁጥር ከሉኪንግ ግላሱ ኤፒአይ (ፕሮግራም መረጃ ከሚወስድበት በር) በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው መውሰድ ይቻላል። ከዚያ በላይ አያጨናንቁት፣ የጋራ ንብረት ነው። የሚገባው መንገድ ብዛት ግን በየቀኑ ይዋዥቃል። እዚያ ላይ ከሳምንቱ ልማድ አንድ አምስተኛ ሲወርድ ወይም ሲጨምር ማንቂያ ቢያስቀምጡ ጥሩ መነሻ ነው። ጭማሪውን አይናቁት። ድንገት የበዛ መንገድ የአንድ አባል ስሕተት ወደ እርስዎ እየፈሰሰ መሆኑን ሊነግርዎ ይችላል። ለዚያ በራስዎ በኩልም የፕሪፊክስ ጣሪያ ያስቀምጡ፣ አሁን ካለው ሰፋ አድርገው።

የሴሽኑን ዕድሜም ይመዝግቡ። በየ5 ደቂቃው ብቻ የሚጠይቅ ሲስተም በየ3 ደቂቃው የሚወድቅን ሴሽን በአጋጣሚ ሁልጊዜ ተነስቶ ሊያገኘው ይችላል። ዕድሜው ወደ ኋላ ከሄደ ግን መሀል ላይ ወድቋል ማለት ነው። በኤስኤንኤምፒ (በተለመደው የመሣሪያ መከታተያ ፕሮቶኮል) የሚከታተሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። በ2006 የወጣው መደበኛው የቢጂፒ ሚብ (በኤስኤንኤምፒ የሚጠየቁ መረጃዎች ዝርዝር)፣ አርኤፍሲ 4273፣ የሚያውቀው የአይፒቪ4 ጎረቤቶችን ብቻ ነው። የአይፒቪ6 ሴሽንዎ ወድቆ ወር ቢሞላው አይነግርዎትም። የአምራቹን የራሱን ሚብ ወይም ቢኤምፒን (የቢጂፒ መከታተያ ፕሮቶኮልን) ይጠቀሙ።

ማንቂያውን በልክ ያድርጉ። መለዋወጫዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ራውት ሰርቨር የሚያስቀምጡት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ ነው። አንዱ ሲወድቅ በኢሜይል ይምጣ፣ ሁለቱም ሲወድቁ ሰው ከእንቅልፉ ይቀስቅስ። ስልኩ በየሌሊቱ የሚጮህበት ባለሙያ ከጊዜ በኋላ ትክክለኛውንም አይሰማም። መለዋወጫው ጥገና ካስታወቀ ደግሞ ሴሽኑ በሆልድ ታይመር ቢወድቅ ብልሽት አይደለም። አርኤፍሲ 8327 በሚመክረው መሠረት ቴክኒሻኖቹ ኬብል ከመንካታቸው በፊት ቢጂፒውን ብቻ ይዘጉታል፣ ትራፊኩ ሳይጎዳ ቀስ ብሎ እንዲዞር።

አሁን ደግሞ የትኛውም የራውት ሰርቨር ክትትል የማይሸፍነው ቦታ አለ። የእርስዎ ከራውት ሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ደህና ነው እንበል። የሌላው አባልም እንዲሁ። በእርስዎና በእሱ መካከል ያለው የስዊች መንገድ ግን ተበላሽቷል፤ ለምሳሌ ከተጣመሩ ሊንኮች አንዱ ፓኬት እየበላ ነው። ራውት ሰርቨሩ ይህን ማየት አይችልም። መንገዱን ማቀበሉን ይቀጥላል፣ እርስዎም ወደ ጉድጓድ መላክዎን ይቀጥላሉ። ከራውት ሰርቨሩ ጋር ቢኤፍዲ (ፈጣን የመስመር መፈተሻ) ቢያበሩም አይጠቅምም፣ የሚለካው በእናንተ መካከል ያለውን ብቻ ነው። የሚረዳው የኔክስት ሆፖቹን አድራሻ በየጊዜው ፒንግ ማድረግ ነው። ፒንግ የማይመልሱትን ደግሞ አይፒን ከማክ አድራሻ (ከመሣሪያው የሃርድዌር አድራሻ) ጋር በሚያዛምደው በአርፕ ሠንጠረዡ ላይ ማክ አድራሻ አላቸው ወይ ብሎ ማየት። አንድ ኔክስት ሆፕ መንገድ ይዞ ማክ አድራሻ ከሌለው ችግር አለ። ያንን አባል በኮሚዩኒቲ «ለእሱ አትላክ» ብለው ይለዩት፣ ከእሱ የሚመጣውንም እስኪስተካከል ያጣሩት። በብዙ መለዋወጫዎች ምልክቱ 0 እና የዚያ አባል ኤኤስ ቁጥር ነው፤ የእናንተን መመሪያ ግን ያንብቡ።

ሆልድ ታይመሩን ወደ 10 ሴኮንድ አውርዶ ብልሽትን ቶሎ ለመያዝ መሞከር አልመክርም። ራውት ሰርቨር መቶዎች ሴሽኖችን የሚያስተናግድ ነው። ሥራ ሲበዛበት ትንሽ ቢዘገይ የእርስዎ ሴሽን በከንቱ ይወድቃል። ሆልድ ታይመሩ 90፣ ኪፕአላይቩ 30 ሴኮንድ ይበቃል።

የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር ይህ ነው፦ ሮአዎቹን ዛሬውኑ ያውጡ፣ ሁለተኛውን ሴሽን መስመሩ እስኪስተካከል ይዝጉ፣ ማንቂያውን ከሴሽን ሁኔታ ወደ ፕሪፊክስ ቁጥር ያዙሩ። ከዚያ ትራፊክዎ ከየትኞቹ አባላት ጋር እንደሚበዛ ይዩና ከላይ ካሉት ጥቂቶቹ ጋር ቀጥተኛ ሴሽን ይክፈቱ። በቀጥታ ሴሽን መስመሩ ሲበላሽ ሴሽኑም አብሮ ይወድቃል፣ ትራፊኩም በራሱ ይዞራል። ራውት ሰርቨሩ ለቀሩት ብዙዎች ይሁንልዎ።

ለመለዋወጫው ቴክኒሻኖች ሲጽፉ «ሴሽናችን አይሠራም» ብለው አይላኩ። የሁለቱንም ወገን አይፒ አድራሻ፣ የወደቀበትን ሰዓት በዩቲሲ፣ የኖቲፊኬሽኑን ቁጥር፣ ማን እንደላከው እና የፒንጉን ውጤት በሁለቱም መጠን ያስቀምጡ። እነሱ የእርስዎን ራውተር ውስጥ ማየት አይችሉም፤ በእነሱ በኩል ያለውን ሎግ ግን ከዚያች ደቂቃ ጋር አስተያይተው ሊነግሩዎት ይችላሉ።